ዐፄ ምኒልክ፣ ጠመንጃና አውቶሞቢል

ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያልተጻፈ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። የዐድዋ ድል፣ የአዲስ አበባ መቈርቈር፣ የባቡር ሐዲድ፣ የስልክና የፖስታ መግባት በየዓመቱ በክፍል ውስጥ የምንማራቸው ናቸው። እኔ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ያሰብኩት ብዙ ጊዜ ስለማይነሣው አንድ ጠባያቸው ነው። ይኸውም የተሠራ ነገር ሁሉ እንዴት እንደ ተገጣጠመ ለማወቅ የነበራቸው ጉጉትና የሚገጣጥመውን የሰው እጅ ለማስከበር ያደረጉት ጥረት ነው። ይህ ጉዳይ ለእኛ ለአራዳና ለፒያሳ ልጆች ሩቅ አይደለም፤ በየመንደራችን ያሉት ጋራዦች ዛሬም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ሲታገሉ ይውላሉና።

ዐፄ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ነው። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው እጅጋየሁ ይባላሉ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው በዚያው ሰሞን ዐረፉ፤ እርሳቸውም ተማርከው ተወሰዱና ዐሥር ዓመት ያህል ከዘመዶቻቸው ርቀው አደጉ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ከብዙ ዓመት በኋላም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ወጣቱ ንጉሥ አንኮበር ላይ በነበሩበት ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ያሳሰባቸው የጠመንጃ ነገር ነበር። ጠመንጃ የሚሸጠው ከባሕር ማዶ ነው፤ ባሕሩም በባዕዳን እጅ ነበር። ስለዚህ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የሚያውቅ ሰውም ይፈልጉ ነበር። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ አገር መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጣ። ስለ እርሱ ከሚተረኩት አንዱ ይህ ነው፤ ንጉሡ ጠመንጃ እንዲሠራላቸው ቢያዝዙት፣ ከውጭ የተገዛው እንደሚሻልና እንደሚረክስ አስረዳቸው። እርሳቸው ግን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም። አገር ውስጥ ሊሠራ መቻሉን በዓይናቸው ለማየት ፈልገው ነበርና አልተቀበሉትም፤ መሐንዲሱም የማይቀርለት መሆኑን ሲያይ ሠርቶ አቀረበላቸው። ይኸው ሰው ኋላ ከእንጦጦ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዲወርድ አድርጓል፤ ለባቡር ሐዲዱ ሥራም ዋና ደካሚ ሆኗል።

ንጉሡን በዚያ ዘመን ያዩ መንገደኞች እንደ መሰከሩት፣ አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው በማድነቅ ብቻ አያልፉትም ነበር። ሰዓትም ሆነ ጠመንጃ ቢሆን እየፈታቱ ውስጡን መመርመር ይወዱ ነበር። በግቢያቸውም አንጥረኛው፣ አናጢውና የጠመንጃ ጠጋኙ በየዳሱ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

አሁን ስለ ጠመንጃው ጥቂት ልዘርዝር፤ ወደ መኪናው የሚያደርሰን መንገድ እርሱ ነውና። ዐፄ ምኒልክ መሣሪያ የሰበሰቡት ካንድ አገርና ካንድ ፋብሪካ አልነበረም። የሚሸጥላቸው በተገኘበት ሁሉ ገዙ። ኋላ በባለቅኔነቱ ዓለም ያወቀው ፈረንሳዊው አርተር ሬምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ እስከ ሸዋ መጥቶላቸዋል። ከኢጣሊያም በወዳጅነቱ ጊዜ ብዙ መሣሪያ አግኝተዋል። ስለዚህ በሠራዊቱ እጅ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊና ሌላም ዓይነት ጠመንጃ ነበር። ሁሉም ጠመንጃ ይባሉ እንጂ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የሰናድር አፈሙዝ ስፋት 14.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የቬተርሊ ግን 10.4 ነው። ይህስ በዓይንም ይለያል። አስቸጋሪው የሚመሳሰለው ነው። ፈረንሳዊው ውጅግራና ለግብፅ ጦር የተሠራው ሬሚንግተን ሁለቱም ባለ 11 ሚሊ ሜትር ይባላሉ፤ ነገር ግን የጥይታቸው ቀለህ ርዝመትና ውፍረት ስለሚለያይ የአንዱ ጥይት ከሌላው ጓዳ አይገባም። በጦር ሜዳ ላይ ጥይት እያለው ጥይት እንደሌለው የሚሆን ወታደር ምን ዓይነት ጭንቅ ውስጥ እንደሚገባ አስቡት!

እንግዲህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል የጀግንነት ድል ብቻ አልነበረም ለማለት እደፍራለሁ። እያንዳንዱን ጥይት ከየጠመንጃው አስማምቶ፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከሸዋ እስከ ትግራይ አድርሶ፣ ለየባለቤቱ ያደለ የግምጃ ቤት ሠራተኛና የተበላሸውን ያደሰ ጠጋኝ ድልም ነው። የእነዚህ ሰዎች ስም በታሪክ መጽሐፍ አይገኝም። በአንጻሩም እነዚሁ ጠመንጃዎች በደቡብና በምዕራብ በተደረጉት ዘመቻዎች በብዙ ሕዝብ ላይ መከራ ማድረሳቸውን አብረን ማወቅ ይገባናል፤ መሣሪያ በራሱ ደግም ክፉም አይደለምና።

ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ አደገች። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ የከተማይቱ ዋና መናኸሪያ ሆነ። ከዚያም ባንክ፣ በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴልና ልዩ ልዩ የነጋዴ ሱቆች በየተራ ተሠሩ። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣውና ለመንገድ መደልደያ ያገለገለው የእንፋሎት መኪና እስከ ዛሬ የሰርኪስ ባቡር እየተባለ ይነሣል።

በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ አይቶት የማያውቅ ሌላ ነገር አዲስ አበባ ገባ። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ ሲድሊ የሚባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና አቀበቱን አሳልፎ ለንጉሠ ነገሥቱ አመጣላቸው። ለመኪና የተሠራ መንገድ በሌለበት አገር ይህ ጉዞ ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ ለማንም ግልጽ ነው። ዐፄ ምኒልክም ሳይፈሩ ተሳፍረው ሄዱበት። ብዙም ሳይቈይ አንድ ጀርመናዊ፣ አርኖልድ ሆልትስ፣ ናኬ የሚባለውን ሌላ አውቶሞቢል ይዞ መጣ። እንግዲህ በከተማይቱ ከሁለት ፋብሪካ የወጡ ሁለት መኪናዎች ተገኙ ማለት ነው። ልክ እንደ ሰናድሩና እንደ ውጅግራው፣ የአንዱ ዕቃ ለሌላው የሚሆን አልነበረም። አንዲት ጥርስ ብትሰበር ያለው ምርጫ ወይ ከአውሮፓ ማስመጣት፣ ወይ በእጅ ሞርዶ መሥራት ነበር።

በበኩሌ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በዚሁ በ1900 ዓ.ም.፣ በዚያው በጋ፣ በሌላው የዓለም ክፍል የሆነው ነገር ነው። በአሜሪካ ሄንሪ ሌላንድ የሚባል የካዲላክ መኪና ፋብሪካ መሪ ነበር። ይህ ሰው በዕድሜ ከዐፄ ምኒልክ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ይበልጣል። ሥራ የተማረውም በጠመንጃ ነው፤ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ ሠርቷል። በዚያ ፋብሪካ የአንዱ ጠመንጃ ብረት ለሌላው ያለ ሞረድ እንዲገጥም ተደርጎ ይሠራ ነበር። ሌላንድ ይህንኑ ዕውቀት ወደ መኪና ሥራ አመጣው። ካዲላክም ራሱ የተወለደው በሞተር ማዛወር ነው ማለት ይቻላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ሄንሪ ፎርድ ጥሎት የሄደው ኩባንያ ሊዘጋ ሲል ሌላንድ ንብረቱን እንዲገምት ተጠራ። እርሱ ግን ኦልድስሞቢል የተባለው ኩባንያ ያልተቀበለውን የራሱን ሞተር ለባለ ገንዘቦቹ አሳይቶ፣ ሞተሩ በቀረው ሻንሲ ላይ እንዲገጠም በማሳመን አዲሱ ኩባንያ እንዲቋቋም አደረገ።

በየካቲት 1900 ዓ.ም. ከለንደን ውጭ ብሩክላንድስ በሚባለው የመኪና መሽቀዳደሚያ ሦስት ካዲላኮች በእንግሊዝ የንጉሣዊ አውቶሞቢል ክበብ ዳኞች ፊት ቀረቡ። ጥቂት ከተነዱ በኋላ ሦስቱም ተፈታቱ። እያንዳንዳቸው 721 ብረት ሆኑ። የሦስቱም ዕቃ ባንድ ላይ ተደባለቀ። ዳኞቹም ከክምሩ 89 ዕቃ አንሥተው በምትኩ ከሻጩ መጋዘን ሌላ አስመጡ። መካኒኮቹ ሞረድ እንዳይነኩ ተከልክለው በቁልፍ፣ በካቻቢቴ፣ በመዶሻና በፒንሳ ብቻ መልሰው ገጠሟቸው። ጎማውና መከለያው እንኳ ተቀላቅሎ መኪናዎቹ ዥጉርጉር ሆነው ነበር ይባላል። ነገር ግን ተነሥተው 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያለ ችግር ሮጡ። ስለዚህም ካዲላክ የደዋርን ዋንጫ ተሸለመ። ያን ጊዜ መኪና ማለት እያንዳንዱ በባለሙያ እጅ ለብቻው እየተሞረደ የሚገጠም ዕቃ ስለ ነበረ ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። በአራዳ ሕዝቡ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አየ፤ በብሩክላንድስ ደግሞ የአንዱ መኪና ዕቃ ለሌላው ሊሆን እንደሚችል ተረጋገጠ። የመጀመሪያው በገንዘብና በድፍረት የሚገኝ ነው። ሁለተኛው ግን የሚገኘው በሠለጠነ እጅና በትክክለኛ መለኪያ ብቻ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ይህን ልዩነት የተረዱ ይመስለኛል። ለዚህም ማስረጃዬ አዋጃቸው ነው። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ይሰደብ ነበር፤ ቡዳ እየተባለም ይፈራና ይገለል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ አካባቢ ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ተሳዳቢው ንጉሥን እንደ ሰደበ እንዲቈጠርና እንዲቀጣም አዘዙ። ይህን የመሰለ አዋጅ ከአንደበት ብቻ የወጣ አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን ከብቱ ሁሉ አልቆ ሕዝቡ በረኀብ ሲያልቅ፣ ያለ በሬ ማረስን እንደ ውርደት የቈጠሩትን መኳንንት ለማስተማር ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቈፍረዋል። በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤትም ያቋቋሙት አውቶሞቢሉ በመጣበት ጊዜ አካባቢ ነው።

ሆኖም ዘመናቸው አጠረ። ሕመም ጸናባቸውና ከአልጋ ዋሉ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ አላዩትም፤ ባቡሩ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን እርሳቸው ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ዐጽማቸው በታእካ ነገሥት በአታ ለማርያም ይገኛል። በአራዳ በፈረስ ላይ የተቀመጠው ሐውልታቸው በ1923 ዓ.ም. ቆመ። ጠላት በ1929 ዓ.ም. አንሥቶ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በዚያው በፒያሳ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍቷል።

አውቶሞቢሉ ግን በሁለት አልቀረም። ከጊዜ በኋላ የኢጣሊያ፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪና በፒያሳ ጎዳና ተበራከተ። የጥገናውን ቋንቋ አብዛኛውን ከኢጣሊያኖች ወረስን፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ሞቶሪኖ፣ ቡሎን፣ ዳዶ የምንለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ብልኀቱን ግን የአገራችን መካኒኮች በራሳቸው ትግል አገኙት።

በሰፈራችን በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተሠራ አንድ የአሜሪካ ሸቭሮሌ ሞተሩ ሲለወጥ በትዕግሥት ተመልክቻለሁ። የቀድሞው ሞተር መለዋወጫ ስላልተገኘለት ከአንድ የጃፓን መኪና የተነሣ ሞተር ሊገባለት ነበር። እኔ ነገሩ ኮፋኖ ከፍቶ አውጥቶ ማስገባት ብቻ መስሎኝ ነበር። ጋሼ፣ ማለትም ሽማግሌው መካኒክ፣ ግን መጀመሪያ ቁልፍ አላነሡም፤ መለኪያ አነሡ። ሞተሩ በሻንሲው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ለኩ። የፍሪሲዮኑን ጥርስ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ቈጠሩ። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ስለ ረዘመ ቶርኖ ቤት ተልኮ እንዲያጥር አደረጉ። የመኪናው መብራት በ6 ቮልት የሚሠራ፣ የአዲሱ ሞተር ሞቶሪኖ ግን በ12 ቮልት የሚነሣ ስለ ሆነ ሽቦውና አምፖሉ ሁሉ እንዲለወጥ አዘዙ።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን የቡሎኑ ነገር ነው። የአሜሪካ መኪና ቡሎን በኢንች፣ የጃፓኑ በሚሊ ሜትር የተሠራ ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 13 ቁልፍ የግማሽ ኢንቹን ራስ የሚይዝ ይመስላል፤ ጠንከር አድርገው ሲያዞሩት ግን ይንሸራተትና ጠርዙን ይበላዋል። የጥርሱ ክፍተትም የተለየ ስለ ሆነ የአንዱ ዳዶ በሌላው ቡሎን ላይ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይነክሳል። ወጣቱ ረዳት በጉልበት ሊያጠብቀው ሲሞክር ጋሼ እጁን ያዙትና ሁለቱን ቡሎኖች ጎን ለጎን አድርገው ጥርሳቸውን በብርሃን አሳዩት። እኔም በዚያን ጊዜ የውጅግራውንና የሬሚንግተኑን ጥይት አስታወስኩ። ከሩቅ የሚመሳሰል ነገር ሁሉ አንድ አይደለም፤ በግድ የተገጠመ ነገርም ቀን ጠብቆ ይሰበራል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ያወቁት በትምህርት ቤት አይደለም። የመሥሪያ መጽሐፍ ሳይኖራቸው፣ በጆሮና በጣት ነው። እኛ ግን ሒሳብና ፊዚክስ እየተማርን ነን። የጥርስ ቍጥርን ከፍጥነት ጋር፣ ቮልትን ከሽቦ ውፍረት ጋር ማስላት በደብተራችን አለ። ጋሼ በአርባ ዓመት ያገኙትን እኛ በአጭር ጊዜ ልናገኘው፣ ከዚያም አልፈን ልንሠራው እንችል ነበር። የሚያግደን ምንድን ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ክብር ሆኖ አገኘሁት። ከክፍላችን ውስጥ ሐኪም ወይም ዳኛ እሆናለሁ የሚለው ብዙ ነው። መካኒክ እሆናለሁ የሚል ልጅ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እቤቱም ቢናገር የሚወዱት ወላጆቹ እንኳ ያዝናሉ። ያ የጥንቱ ስድብ ስሙን ለውጦ በመካከላችን ይኖራል ማለት ነው።

ክቡራን ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እናንተ ለእኛ የምትመኙልን ከድካም የራቀ ኑሮ እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን አገራችን መኪና መግዛት ከጀመረች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ እስከ ዛሬም ብዙውን መለዋወጫ ከባሕር ማዶ ትጠብቃለች። ይህን የሚለውጠው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሞተሩን ፈትቶ የሚያውቀው፣ ለክቶ የሚቀርጸው፣ ሠርቶም የሚገጥመው የተማረ እጅ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ተግባረ ዕድ ልግባ ቢላችሁ እባካችሁ በደስታ መርቁት።

እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፤ በፒያሳ ስታልፉ እጁ በግራሶ የተለወሰ ሰው ብታዩ አክብራችሁ ሰላም በሉት። ብትችሉም ቆም ብላችሁ የሚሠራውን ጠይቁት። ዐፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ ለመጠየቅ ካላፈሩ፣ ገና በመማር ላይ ያለን እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።